ሮምን በእግር፦ ከካምፒዶሊዮ እስከ ፖርታ ካፔና

የጥንታዊቷን ሮም እምብርት በአስጎብኚ እየተመሩ በእግር ለመጎብኘት ምቹ መነሻ የሚሆነው ሚኬላንጄሎ ንድፉን ያወጣለት የካምፒዶሊዮ አደባባይ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ መሮጥ የጀመረው ከዚሁ ኮረብታ ግርጌ ነበር።

መንገዱ የሮማውያንን ፎረም ፍርስራሾች አልፎ፣ ከ1,900 ዓመታት በላይ ወዳስቆጠረው ኮሎሲየም ያደርሳል። አጠገቡ እ.ኤ.አ. በ315 የተመረቀው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ይገኛል፤ አበበ ውድድሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በድል የፈጸመው እዚህ ነው።

ከቅስቱ ተነሥቶ በሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና ወደ ደቡብ የሚጓዝ ጎብኚ ፖርታ ካፔና አደባባይ ይደርሳል። በፋሺስት ወረራ ዘመን የተዘረፈው የአክሱም ሐውልት ከ60 ዓመታት በላይ ቆሞ የኖረው በዚህ ስፍራ ሲሆን፣ አበበም ወደ ድል የገሰገሰው በአጠገቡ አልፎ ነው። በየካቲት 1939 ዓ.ም. የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን ቅርሶች በ18 ወራት ውስጥ እንድትመልስ ቢያስገድድም፣ ሐውልቱ አክሱም የደረሰው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው፤ በ2000 ዓ.ም. ዳግም ተተከለ።

ሐውልቱ ዛሬ በአደባባዩ ባይኖርም፣ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ጉዞውን ከኮሎሲየም ሳያቋርጥ እስከዚህ ቢያደርሰው መልካም ነው።