ሳትኳል ያማረች

ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ ምድር ስም ነው። ባቲ የሰኞ ገበያዋ የታወቀ ከተማ ናት። አምባሰል ደግሞ ከእኛ ከሐብሩ በስተደቡብ ያለው ተራራማ አገር ነው፤ ግሸን ማርያም ያለችው እዚያው ነው። ከ14ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን የነገሥታቱ ልጆችና ወንድሞች ዙፋን እንዳይሹ የሚጋዙት ወደዚያ አምባ ነበር። የመሳፍንት ግዞት የነበረ ተራራ ስሙን ለፍቅር ዜማ ማበደሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በዚህ ዜማ የምትወደሰው ሴት ምንም አታደርግም። ውኃ ስትቀዳ ወይም ከገበያ ስትመለስ ትታያለች፤ አልተኳለችም፣ አልተቀባችም፤ ተመልካቹ ግን ቀልቡን ይስታል። ገጣሚው የመጀመሪያውን ስንኝ ለመንገዱ ወይም ለገበያው ይሰጥና ልቡን በሁለተኛው ያወጣል፤ የአገሩ ስም ቤት መምቻ ይሆነዋል። ለምሳሌ «መርሳ» የምትል ከተማ ላገኘ ሰው ሰሙም ወርቁም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ከወልድያ የባንክ መስኮት ጀርባ የምውለው እኔ እንኳ አልቻልኩም፦

መንገዴ በመርሳ፣ ገበያ ስወጣ፤
መርሳ ያሉት አገር ማስታወስ አመጣ።

ይሁንና «ሳትኳል ያማረች» የምትለዋ ውዳሴ እውነት አይደለችም። ኩሉ፣ የጠጉሩ ቅቤ፣ የአንገት ንቅሳቱ፣ በተለይም የወይባው ጢስ፣ ይህ ሁሉ እንጨት ተለቅሞ፣ ወተት ተንጦ፣ ጊዜ ተሰርቆ የሚገኝ ነው። አንዲት እናት ይህን ባነሣሁባቸው ጊዜ፣ «ልጄ፣ ወንድ የሚያየው መንገድ ላይ ነው፤ ጓዳውን መቼ አይቶ!» ብለውኛል።

ታዲያ ይህ ተራ የቁንጅና ወሬ ነውን? አይመስለኝም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም የወሎን ረሃብ ለዓለም አሳየ፤ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ፣ ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም፣ የማይክል በርክ ዘገባ ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ የወሎ ሴት ሁለት መልክ ብቻ ያላት ይመስላል፤ ለአገሬው የዘፈኗ ቆንጆ፣ ለባዕዱ ልጇን የታቀፈች ርኁብ። በሁለቱም ውስጥ ዝም ብላ ትታያለች እንጂ አትናገርም። ስሟንም የጠየቀ የለም። እኛም «የቆንጆዎች አገር» ስንባል ደስ እያለን ኖረናል፤ ያቺው ቆንጆ እህል ባጣች ጊዜ ዘፈኑ ምን እንዳደረገላት ግን አንጠይቅም።

በደሴው የላሊበላ ኪነት ቡድን መድረክ የወጣችው ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ስታዜም ግን ነገሩ ይገለበጣል። ናፋቂዋ ሴቲቱ ናት፤ የምትመርጠው፣ የምትወቅሰው፣ የምትተወውም እርሷ። ዜማው ያው ነው፤ ከመነሻው ድምፅ ግማሽ እርምጃ ብቻ ከፍ ብሎ የሚያመነታው ያው አምባሰል። በወንዱ አፍ ያ ማመንታት ልመና ይመስለኛል፤ በእርሷ አፍ ግን እያሰበች ያለች ሴት ትሰማኛለች። ካሴት በነበረበት ዘመን የወንዶቹን ትቼ የእርሷን የማስቀድመው ለዚሁ ነበር።