የስሙና የ«አንተ» ነገር

ባለፈው ክረምት የትምህርት ንባቤን ይዤ ሲሬ፣ ከባኮ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከተማችን፣ ገብቼ ነበር። አያቴ ምን እንደማነብ ሲጠይቁኝ ርዕሱን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ አባ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1593 በግዕዝ የጻፈው «ዜናሁ ለጋላ»። ዝም አሉ። ቆየት ብለው፣ «ይሄን ቃል ለመማር ዩኒቨርሲቲ መግባት ምን አስፈለገ? እኛ ገበያ ላይ በነፃ እንሰማው ነበር» አሉኝ።

ለመሆኑ ቃሉ ሁልጊዜ ስድብ ነበር ወይ? ኦሮሞ ራሱን ኦሮሞ ይላል፤ ያኛው ሌሎች ያወጡለት ነው። ሆኖም ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ1894 ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ የታተመው የንባብ መጽሐፍ እንኳ በእንግሊዝኛ ርዕሱ ላይ ይኸው ስም አለበት። እነዚህ ለቋንቋቸው የደከሙ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ፊደሉ ብቻውን ሰዳቢ ነው ማለት ያስቸግራል።

ታዲያ ስድቡ የቱ ጋ ነበር? አያቴ ስለ ስሙ ትተው ስለ «አንተ» አወሩኝ። ጢም ያላበቀለ ጸሐፊ ጭሰኛ የነበሩትን አባታቸውን፣ ሽበታቸውን እያየ፣ «አንተ» ይላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ «ጌታዬ፣ እርስዎ» ብለው ይመልሳሉ። በኦሮምኛም እኮ ትልቅ ሰው «እሲን» ነው የሚባለው! አማርኛ የማይችል ሽማግሌ ሌላው ሁሉ ቢያመልጠው «አንተ»ን ይለያታል። ያ ስምም የሚመጣው እሷን ተከትሎ ነበር።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስሙ ከመንግሥት ወረቀት ወጥቶ «ኦሮሞ» ገባ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነት ቀረ፤ «ጌታዬ»ም በ«ጓድ» ተተካ። አያቴ ለ«ጓድ» ብዙም ፍቅር የላቸውም («ጓድ ብሎህም ያስርሃል» ይላሉ)። ግን በዚያው ሰሞን ጸሐፊው ቅድመ አያቴን «እርስዎ» ሲላቸው፣ ሽማግሌው ከኋላቸው ማን እንደቆመ ለማየት ዘወር ማለታቸውን እስከ ዛሬ ያወሩታል።

አንዳንድ ጓደኞቼ የድሮ መጻሕፍትን ስንጠቅስ ቃሉን በ«ኦሮሞ» እንተካው ይላሉ። እኔ አልስማማም። በራሳችን ዓረፍተ ነገር ውስጥ አይግባ፤ የባሕርይን ርዕስ ብናርመው ግን ያልነበረ ጨዋነት እናበድረዋለን፣ ቅድመ አያቴም ለምን ዘወር እንዳሉ ነገ የሚገባው ሰው አይኖርም። እሳቸው ፊት ጮክ ብዬ ማንበቤ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ጥፋቴ እለዋለሁ። ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ «በል ቀጥል፣ ምን ይላል?» አሉኝ። ርዕሱን ዘልዬ አነበብኩላቸው።