ቡራዩ፦ የመንገድና የውሃ ከተማ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦና ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከመዲናዋ መሀል በስተምዕራብ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቡራዩ፣ በእንጦጦ ሰንሰለትና ከጠፋ ብዙ ዘመን ባስቆጠረው የወጨጫ እሳተ ገሞራ መካከል በሚገኘው ደጋ ላይ ያረፈች ናት። በዚህ ደጋ የሚወርደው የክረምት ዝናብ ከጅረት ወደ ጅረት ተሰብስቦ፣ የአዲስ አበባን ምዕራባዊ ሰፈሮች አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ለሚዘልቀው ለትንሹ አቃቂ ወንዝ መነሻ ይሆናል።

ቡራዩ ብዙውን ጊዜ የምትታየው አዲስ አበባ ሞልታ ስትፈስ የተገኘች የዳር ሰፈር ተደርጋ ነው፤ ይህ አመለካከት ግን ታሪኩን ይገለብጠዋል። የቱለማ ኦሮሞ አርሶ አደሮች እያረሱና ከብት እያረቡ የኖሩበት ይህ ምድር ከመዲናዋ ጋር የተሳሰረው፣ ቤት ፈላጊው ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ደን ተመናምኖ ማገዶ እየራቀ ሲሄድ፣ መቀመጫቸውን በስተምዕራብ ወደምትገኘው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበርና ሁለቱን የሚያገናኝ መንገድ በዚህ በኩል ተሠራ። ቀደም ብሎ የገባው ባሕር ዛፍ የማገዶውን ችግር ስላቃለለው ዝውውሩ ሳይፈጸም ቢቀርም፣ መንገዱ ግን ከሆለታና ከዚያ ወዲያ ካለው አገር ለሚመጣው እህል፣ ቅቤና ከብት መተላለፊያ ሆኖ ጸና።

ከመንገዱም በላይ ቡራዩንና መዲናዋን ያስተሳሰረው ውሃ ነው። በምኒልክ ዘመን ከእንጦጦ ምንጮች በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ የተሳበው ውሃ እያደገ ለሄደው ከተማ የሚበቃ አልነበረምና፣ በ1930ዎቹ በዚሁ ደጋ ባለው ገፈርሳ ላይ፣ በትንሹ አቃቂ የላይኛው ተፋሰስ፣ ግድብ ተሠራ። ተፋሰስ ማለት የሚወርድበት ዝናብ ሁሉ ወደ አንድ ወንዝ የሚገባ የመሬት ክልል በመሆኑ፣ ከግድቡ በላይ የሚታረስ ማሳ፣ የሚቆረጥ ዛፍና የሚሰማራ ከብት ሁሉ በውሃው ላይ አሻራውን ይተዋል፤ ጎርፍ የሚያጥበው አፈር ደለል ሆኖ የማጠራቀሚያውን ሆድ ይሞላዋል። በ1950ዎቹ ከማጣሪያ ጣቢያ ሌላ፣ ከዋናው ግድብ በላይ ደለሉን የሚያስቀር ተጨማሪ ግድብ መሠራቱም ከዚህ የመጣ ነው። በምሥራቅ በኩል ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ እስኪጀምር ድረስ፣ የመዲናዋ ነዋሪ በየቦኖው ተሰልፎ እንስራውን የሚሞላው በአብዛኛው ከዚህ ደጋ በወረደ ውሃ ነበር። ይህ ባለውለታነት የሚገባውን ያህል ሲነገር አለመሰማቱ ያሳዝናል።

ቡራዩ ለረጅም ጊዜ በወልመራ ወረዳ ሥር የምትተዳደር የመንገድ ዳር መንደር ሆና ቆይታለች። ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ሲሉ፣ በባሕር ዛፍ አጥር የተከለለ ግቢ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ኩበት፣ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ የሚጫን የወተት ጄሪካን የመንደሩ ኑሮ መልክ ነበሩ። ባለፉት አሥርት ዓመታት ግን የመዲናዋን የቤት ኪራይ ያልቻለው ሁሉ ፊቱን ወደዚህ አዞረ፤ ከገበሬ በእጅ በተገዛ መሬት ላይ፣ ያለ ፈቃድና ብዙውን ጊዜ በሌሊት የሚሠራው «የጨረቃ ቤት» የሚባለው መኖሪያም ተስፋፋ። መሬቱን በትንሽ ገንዘብ የለቀቀው ገበሬም፣ ጥሪቱን በጭቃ ግድግዳ ላይ ያፈሰሰው ገዢም ሕጋዊ ዋስትና አልነበራቸውም።

አስተዳደሩም በየጊዜው ተለዋውጧል። በ2000 ዓ.ም. ከተማዋ በኦሮሚያ የፊንፊኔ ዙሪያ ልዩ ዞን ውስጥ ተካተተች፤ መዲናዋንና ዙሪያዋን በአንድነት ሊያለማ የታቀደው ማስተር ፕላንም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬውን ያፈናቅላል የሚል ተቃውሞ አስነስቶ በ2008 ተሠረዘ። በመስከረም 2011 ቡራዩና አካባቢዋ ብዙ ሰዎች የተገደሉበት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችም ወደ አዲስ አበባ የሸሹበት ጥቃት ተፈጸመ፤ ያ ሐዘን ከከተማዋ ታሪክ ሊነጠል አይችልም። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ ከሰበታ፣ ከሱሉልታና ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልላ ክፍለ ከተማ ስትሆን፣ ያለ ፈቃድ ተሠርተዋል የተባሉ በርካታ ቤቶች በመፍረሳቸው፣ መሬቱ የማን ነው የሚለው የቆየ ጥያቄ እንደገና በየደጁ ተነሣ።