አዲስ የጠመንጃ አፈሙዝ «ሮዳጅ» ያስፈልገዋልን? ለመሣሪያ ፈቃድ ባለቤቶች የቀረበ ማብራሪያ

አዲስ ሞተር የገዛ አሽከርካሪ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ተሽከርካሪውን በልክ እየነዳ «ሮዳጅ» እንደሚያስጨርስ ሁሉ፣ አዲስ ጠመንጃም ኢላማውን በትክክል እንዲመታ በተወሰነ የጥይት ቁጥር መለማመድ አለበት የሚል አስተሳሰብ አለ። ይህ ማብራሪያ አስተሳሰቡ ምን ያህል እውነትነት እንዳለው፣ የፈቃድ ባለቤት የሆነ ዜጋ ምን ማድረግ እንደሚገባውና ምን ማድረግ እንደሌለበት ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው።

የጥያቄው አጭር መልስ

አብዛኛው አዲስ አፈሙዝ የተለየ የማለማመጃ ተኩስ አያስፈልገውም። ከመጀመሪያው ተኩስ በፊት በሚገባ መጽዳቱ፣ ከዚያም በአምራቹ መመሪያ መሠረት መያዙ በቂ ነው። ማለማመዱ የሚያስገኘው ጥቅም ቢኖር በአብዛኛው ጽዳትን ማቅለል ነው፤ በትክክለኛነት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን አነስተኛና አከራካሪ ነው። በመሆኑም «መሣሪያዬን እያለማመድሁ ነው» የሚለው ምክንያት ከተፈቀደ የተኩስ ሥፍራ ውጭ ለመተኮስ ሰበብ ሊሆን አይችልም።

ጥያቄው ከየት መጣ?

በዐድዋ ዘመን ኢትዮጵያውያን ተዋጊዎች ከታጠቋቸው ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነበር። ይህ በፈረንሳይ አገር በ1874 እ.ኤ.አ. ለሠራዊት የዋለ መሣሪያ በጥቁር ባሩድ የሚሠራና 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የእርሳስ ጥይት የሚተኩስ ነበር። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ፣ የተኳሹ ዋና ሥራ የባሩዱን ጥላሸት ማጠብ ነበር። ጭስ የለሽ ባሩድ ከ1886 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲስፋፋ የጥይት ፍጥነት ጨመረ፤ እርሳሱም በመዳብና በመሰል ማዕድናት መሸፈን ግድ ሆነ። የዛሬው ክርክር መነሻ ይኸው የመዳብ ሽፋን ነው።

በአፈሙዙ ውስጥ የሚፈጸመው ምንድን ነው?

በአፈሙዝ ውስጥ ጥይቱን የሚያሽከረክሩ ጠመዝማዛ ቦዮች አሉ። ቦዮቹ ሲቀረጹ፣ እንዲሁም ጥይት የሚጎርስበት ክፍል ሲቦረቦር፣ የመቁረጫው ስለት በዓይን የማይታዩ ጭረቶችን ጥሎ ያልፋል። ጥይቱ በነዚህ ላይ ሲያልፍ ከሽፋኑ ጥቂት መዳብ ይፋቃል። በተለይ ከመጉረሻው ቀጥሎ ባለው ጉሮሮ ላይ የቀሩ ጭረቶች የሚፍቁት መዳብ ከትኩሱ ጋዝ ጋር ሊቀላቀል ይችላል፤ ከጋዙም ጋር ወደ ፊት ተጉዞ በቦዮቹ ላይ ይረጋል። የመዳቡ ክምችት ሲበዛ ጥይቶች መበታተን ይጀምራሉ።

የማለማመድ ደጋፊዎች አሠራር ከዚህ የመነጨ ነው። በመጀመሪያዎቹ ከ5 እስከ 10 ጥይቶች በእያንዳንዱ ተኩስ መካከል አፈሙዙን ያጸዳሉ፤ ቀጥሎም በየ3 ወይም በየ5 ጥይቱ እያጸዱ እስከ 20 ወይም 50 ጥይት ይደርሳሉ። ዓላማው ጥይቱ ጭረቶቹን በንጹሕ ብረት ላይ ቀስ በቀስ እንዲያለሰልሳቸው ማድረግ ነው።

ሁሉም አፈሙዝ አንድ ዓይነት አይደለም

ውስጡ በአምራቹ በእጅ የተወለወለ ውድ የውድድር አፈሙዝ ጭረት እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ጥቂት ጥይት ይበቃዋል። በብዛት የሚመረት ተራ አፈሙዝ ጭረቱ ጎላ ሊል ስለሚችል የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች መዳብ ሊያበዙበት ይችላሉ። ውስጡ በክሮም የተለበጠ አፈሙዝ፣ ለምሳሌ የብዙዎቹ የክላሽንኮቭ ዝርያዎች፣ ክሮም እጅግ ጠንካራ በመሆኑ በመዳብ ጥይት የሚለሰልስ አይደለም፤ ስለዚህ ማለማመድ ለእርሱ ትርጉም የለውም።

አምራቾችም በጉዳዩ አንድ ቃል የላቸውም። አንዳንዶቹ የማለማመድ መመሪያ ከመሣሪያው ጋር ይሰጣሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ያለ ጥቅም ጥይትና የአፈሙዝ ዕድሜ ማባከን ነው ይላሉ። እያንዳንዱ ተኩስ ጉሮሮውን በሙቀት እንደሚሸረሽረው ሁለቱም ወገኖች ይስማማሉ።

ልዩነቱን በሙከራ ማረጋገጥ የሚያዳግትበት ምክንያት አለ። አንድ አፈሙዝ ከተለማመደ በኋላ ሳይለማመድ ቢቀር ምን ይሆን እንደነበር መፈተን አይቻልም። ከዚህም በላይ ብዙ ሰው የሚመዝነው በ3 ጥይት ብቻ ነው፤ 3 ጥይት ደግሞ በዕድል ሊቀራረብም ሊራራቅም ይችላል። 10 ጥይትና ከዚያ በላይ በተመሳሳይ ሁኔታ ካልተተኮሰ አስተማማኝ ፍርድ መስጠት አይቻልም።

አዲስ ጠመንጃ ኢላማ ሲስት በቅድሚያ የሚፈተሹ

ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ ከአፈሙዙ አዲስነት ሳይሆን ከሚከተሉት የሚመጣ ነው፦

1. የላላ የማነጣጠሪያ ወይም የሰደፍ ማሰሪያ ብሎን፤
2. ለአፈሙዙ የማይስማማ ወይም ከተለያየ ምርት የተቀላቀለ ጥይት፤
3. ከፋብሪካ የወጣበት የመከላከያ ቅባት ሳይጠረግ መቅረቱ፤
4. ጥይቱ የሚወጣበት ጫፍ መጎዳቱ፤
5. ተኳሹ ምላጩን ሲስብ ድምፁንና ግፊቱን ፈርቶ መደንገጡ።

በሕጋዊ ፈቃድ አደን ለሚሰማራ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ቀዝቃዛ አፈሙዝ የሚተኩሰው የመጀመሪያው ጥይት ነው። እንስሳው ቆስሎ እንዳያመልጥ፣ ያ ጥይት የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ በተፈቀደ ሥፍራ መታወቅ ይኖርበታል።

የጽዳት ጥንቃቄ

ጽዳት ከመጀመሩ በፊት መሣሪያው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል፤ ጥይትም ከአካባቢው ይርቃል። የማጽጃው ዘንግ መሣሪያው የሚፈቅድ ከሆነ ከጥይት መጉረሻው በኩል ገብቶ ወደ ጫፉ ይወጣል፤ ይህም ጫፉ እንዳይፋቅ ይረዳል። መዳብን የሚያሟሟ፣ ብዙውን ጊዜ አሞንያ ያለበት ፈሳሽ ከተመለከተው ጊዜ በላይ ውስጥ መቆየት የለበትም። የቆየ የወታደር ጥይት የተኮሰ ሰው ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት፤ የብዙዎቹ መለኮሻ እርጥበት የሚስብ ጨው ስለሚተው፣ አፈሙዙ በውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ ካልተቀባ በጥቂት ቀናት ሊዝግ ይችላል። ጨውን ውኃ እንጂ ዘይት አያሟሟውም።

በልደታና በመሰል የከተማ ሰፈሮች

ልደታ በአንድ ወቅት የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ የነበረባት፣ ዛሬ ግን በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች፣ በትምህርት ቤቶች፣ በፍርድ ቤትና በገበያ የተሞላች ክፍለ ከተማ ናት። ከጠመንጃ የወጣ ጥይት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል። በግቢ ውስጥ ወደ አፈር የተተኮሰው በድንጋይ ነጥሮ፣ ወደ ሰማይ የተተኮሰውም ተመልሶ ወርዶ ሰውን ሊገድል ይችላል። አፈሙዝን ለመሞከር የተተኮሰ አንድ ጥይት የጎረቤትን ሕፃን ቢመታ፣ የተኳሹ ሐሳብ መልካም መሆኑ ከተጠያቂነት አያድነውም፤ በቸልተኝነት ሰውን መግደል በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

የፈቃድ ባለቤቶች ሊፈጽሟቸው የሚገቡ ተግባራት

የጦር መሣሪያ መያዝ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። በመሆኑም ማንኛውም የፈቃድ ባለቤት፦

1. መሣሪያውን በፈቃዱ ላይ ከሠፈረው መለያ ቁጥር ጋር ማመሳከር፤
2. አፈሙዝ ከመቀየሩ በፊት ፈቃዱን ለሰጠው አካል ቀርቦ መጠየቅ፤
3. ጥገናን ሕጋዊ ፈቃድ ላለው ባለሙያ ብቻ መስጠት፤
4. የሙከራ ተኩስ በተፈቀደ ሥፍራ ብቻ ማካሄድ፤
5. የአምራቹን መመሪያ ማንበብና መከተል፤
6. መሣሪያና ጥይትን ለየብቻ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ሥፍራ ቆልፎ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

የአምራቹ መመሪያ ማለማመድን የሚያዝ ከሆነ በተፈቀደ ሥፍራ ሊፈጸም ይችላል፤ የማያዝ ከሆነ አፈሙዙን አጽድቶ፣ ማነጣጠሪያውን አስተካክሎ መጠቀም ይበቃል።