የገደል ማሚቶ በማሕፀን ውስጥ፦ የፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድ ሥራና የአርሲ ደጋ

በአርሲ ኦሮሞ ባህል የወለደች ሴት ቀነፋ የተባለውን እንጨት በግንባሯ ታስራለች። ቀነፋዋን እስክትፈታ ድረስ የሚበድላት ሰው ሲንቄ የያዙ ሴቶች ተሰብስበው ይነሡበታል። ይህ ክብር ግን በሰላም ከተገላገለች በኋላ የሚመጣ ነው። ከዚያ በፊት በሆዷ ያለውን ነገር አዋላጂቱ በመዳፏ፣ ሐኪሙም በመዳፉና በእንጨት ማዳመጫው ይገምቱ ነበር እንጂ የሚያዩበት መንገድ አልነበራቸውም።

ግምቱ ከሁሉ ይልቅ አስጊ የሚሆነው እንግዴ ልጁ የማሕፀኑን አፍ ዘግቶ ሲገኝ ነው። ነፍሰ ጡሯ በመጨረሻዎቹ ወራት ሕመም ሳይሰማት ደም ይፈስሳታል፤ መርማሪው በጣቱ ቢነካው ደግሞ ደሙ ሊገታ በማይቻል ኃይል ሊገነፍል ይችላል። ስለዚህም የቀድሞ ሐኪሞች በጣት የሚመረምሩት የቀዶ ሕክምናው ክፍል ተሰናድቶ፣ የሚሰጠውም ደም ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ ብቻ ነበር። ይህ በትልልቅ ከተሞች የሚቻል ነው። 4,000 ሜትር በሚያልፉት በጭላሎ፣ በካካና በባዳ ተራሮች ግርጌ፣ እናት በቃሬዛ ወደ አሰላ በምትወርድበት አገር ግን እጅግ የራቀ ነገር ነበር።

ያለ ጣት የማየቱን መንገድ በጽንስና ማሕፀን ሕክምና ዘንድ የከፈቱት ኢያን ዶናልድ ናቸው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዶናልድ በ1910 በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል ተወለዱ፤ ከፊሉን የወጣትነት ዘመናቸውን በደቡብ አፍሪካ አሳለፉ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ኃይል ሐኪም ሆነው ሲያገለግሉም ከራዳርና ከሶናር አሠራር ጋር ተዋወቁ። በ1954 በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ።

ግላስጎው የመርከብና የብረት ሥራ ከተማ ነበረች። የብረት ሠሪዎቹ በብየዳ ውስጥ የተሠወረ ስንጥቅ ሲፈልጉ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ብረቱ ይልካሉ፤ ስንጥቁ ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ ይመልሰዋል። ሐምሌ (ጁላይ) 21 ቀን 1955 ዶናልድ በሁለት መኪናዎች የዕቃ መጫኛ ከሴቶች ማሕፀን የወጡ ዕጢዎችንና ውሃ የቋጠረ ከረጢት ጭነው በሬንፍሩ ወደሚገኘው የባብኮክና ዊልኮክስ የቦይለር ፋብሪካ ሄዱ። ለማነጻጸሪያ የቀረበላቸው አንድ ሙዳ የበሬ ሥጋ ነበር። ውሃ የቋጠረው ድምፁን ዝም ብሎ አሳለፈ፤ ድፍኑ ዕጢ ግን በውስጡ በታተነው።

ነገሩ በመሠረቱ ቀላል ነው። ድምፅ በሰው ሥጋ ውስጥ በሴኮንድ 1,540 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ሄዶ የተመለሰበት ጊዜ ተለክቶ ለሁለት ሲከፈል ጥልቀቱ ይታወቃል። ይህን ወደ ሥዕል የለወጠው ግን ሐኪም አልነበረም፤ ቶም ብራውን የተባለ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ የኬልቪንና ሂዩዝ ኩባንያ መሐንዲስ ነው። ታሪኩ ሲነገር የእርሱ ስም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ይህም ፍትሕ አይደለም።

ባልደረቦቻቸው በመጀመሪያ ተሳለቁ። ሐሳባቸውን የለወጠችው ሆዷ ያበጠ አንዲት ታማሚ ናት። በራጅ ምርመራ የጨጓራ ካንሰር ነው ተብሎ፣ ቀዶ ሕክምናም አያድናትም ተብሎ ተፈርዶባት ነበር። መሣሪያው ግን ትልቅ ውሃ ያዘለ ከረጢት አሳየ። ከእንቁላል ዕጢዋ ላይ ተቆርጦ ሲወጣ ካንሰር ሆኖ አልተገኘም፤ ሴትዮዋም ዳነች። ዶናልድ፣ ጆን ማክቪካርና ብራውን ውጤታቸውን ሰኔ (ጁን) 7 ቀን 1958 ላንሴት በተባለው መጽሔት አወጡ። በ1963 የሽንት ፊኛ ሲሞላ እንደ መስኮት እንደሚያገለግል፣ በጣም ወጣት ፅንስም በእርሱ በኩል እንደሚታይ ታወቀ። ዛሬም ነፍሰ ጡሮች «ውሃ ጠጥታችሁ ኑ» የሚባሉት ከዚህ የተነሣ ነው። በ1968 ደግሞ ዶናልድና አብዱላ እንግዴ ልጁ ያረፈበትን ቦታ በድምፅ ስለ መለየት ጻፉ።

አሰላ ዛሬ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል መቀመጫ ናት። መሣሪያውም በእጅ እስከሚያዝ ድረስ አንሷል፤ በኢትዮጵያም በጤና ጣቢያ ያሉ አዋላጆችን በእርሱ የማሠልጠን ሥራ ተጀምሯል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ነፍሰ ጡር ሁሉ ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ እንድትታይ መክሯል። አንድ ጊዜ ግን ለዚህ በሽታ አይበቃም። በ20ኛው ሳምንት ዝቅ ብሎ የታየው እንግዴ ልጅ በአብዛኛው ማሕፀኑ ሲያድግ አብሮ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በ32ኛው ሳምንት ገደማ እንደገና መታየት አለበት። ለከተማ ሴት ይህ የአንድ ጠዋት ጉዳይ ነው፤ ከበቆጂ ማዶ ለምትኖረው ግን እርሻውንና ልጆቹን ትታ በክረምት ጭቃ ሁለተኛ መንገድ መውረድ ነው።

የቦታው ችግር በአገራችን ቀድሞ ታስቦበታል። በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል በ1976 የከፈተው የእናቶች ማቆያ አስጊ እርግዝና ያላቸው ሴቶች ምጥ ሳይጀምራቸው መጥተው በሆስፒታሉ ግቢ የሚሰነብቱበት ቤት ነው። አልትራሳውንድ የማን እንግዴ ልጅ እንደ ዘጋ አስቀድሞ ይነግራል፤ ማቆያው ደግሞ ያችን ሴት ቢላዋውና ደሙ ካሉበት አጠገብ ያስቀምጣል። ያለ ማቆያው ምርመራው ለእናቲቱ ከሥጋት በቀር የሚያተርፍላት ነገር ጥቂት ነው፤ ያለ ምርመራው ደግሞ ማቆያው ማንን እንደሚጠብቅ አያውቅም።

ዶናልድ ራሳቸው በልብ ሕመም ተሠቃይተው ከአንድም ሦስት ጊዜ ከባድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። በ1976 ጡረታ ወጡ፤ በ1987 ዓረፉ።