«የላቀ መመሪያ» ወይስ የቁም ኑዛዜ?

አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንዲት እናት ሆስፒታል ሲገቡ፣ ገና ስማቸውን አስመዝግበው ሳይጨርሱ፣ «የላቀ መመሪያ አለዎት?» ቢባሉ ምን ይመልሱ? «ልጄን ጠይቁት» ቢሉ አይፈረድባቸውም። የቅጹ ተርጓሚ በእንግሊዝኛው «አድቫንስ ዳይሬክቲቭ» ውስጥ ያለውን «አድቫንስ» «አድቫንስድ» አድርጎ አንብቦታል። ከደመወዙ ላይ አድቫንስ ወስዶ የሚያውቅ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ እንኳ ቃሉ «አስቀድሞ» ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ነገሩን አብዛኛው አንባቢ በጭላንጭልም ቢሆን ያውቀዋል። ሰው አእምሮው ሳይደክም፣ ኋላ መናገር ቢያቅተው በመተንፈሻ መሣሪያ መቆየት፣ በቱቦ መመገብ፣ ልቡ ቢቆም ደረቱን ተጭነው እንዲያስነሱት ይፈልግ እንደሆነ በጽሑፍ ያስቀምጣል፤ ስለ እርሱ የሚወስነውንም ሰው ይሰይማል። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከሜዲኬርና ከሜዲኬይድ ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ይህን መብት ለታካሚው እንዲያስረዱ፣ ሰነዱ ይኑረው አይኑረውም በመዝገቡ እንዲያሰፍሩ ያስገድዳል። እናታችን የተጠየቁት ለዚህ ነው እንጂ ሞት ስለታየባቸው አይደለም።

«የላቀ»ን ወደ «የቅድሚያ» ያረሙ አሉ። ይሻላል፤ ግን ቅድሚያ ዛሬ በጆሯችን ከሰልፍ ፊት መቆም ነው። የከፋው «መመሪያ» ነው። መመሪያ ከአዋጅና ከደንብ በታች የሚወጣ፣ ከሚኒስቴር ወደ ወረዳ የሚወርድ ወረቀት ነው። አልጋ ላይ የተኙ አዛውንት መመሪያ አያወጡም።

ሌላው «ሕያው ኑዛዜ» ነው። ሉዊስ ከትነር የተባለ የቺካጎ ጠበቃ በ1969 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ሲያቀርብ ስሙን ከውርስ ሕግ ተውሷል። የእርሱን ውሰት ቃል በቃል ስናዞረው ግን በሕይወት ያለው ሰውየው ሳይሆን ኑዛዜው ይመስላል። «ሕያው» ደግሞ በእኛ ዘንድ ከእግዚአብሔር ስም ጋር የሚሄድ ቃል ነው፤ ለሆስፒታል ቅጽ ይከብዳል።

ኑዛዜን ግን አልለቅም። በግእዝ ናዘዘ ማለት አጽናና ማለት ነው፤ ናዛዚ አጽናኝ ነው። አማርኛ ከዚያው ሥር ለንስሐም ለውርስም ቃል አወጣ። ኑዛዜ ደግሞ ሁልጊዜ የንብረት ብቻ አልነበረም፤ ታማሚው የት እንደሚቀበር፣ ልጆቹን ማን እንደሚያሳድግ ይናገርበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሞቱ መቅረቡ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል እንዲናዘዝ ይፈቅዳል። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 20 ማንም ሰው ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ደንግጓል። ሁለቱ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ስም ፍለጋ ባሕር መሻገራችን ይገርመኛል።

የጎደለው ጊዜውን የሚናገር ቅጽል ነው፤ ኑዛዜ የሚሠራው ከሞት በኋላ ነውና። ለዚህ «የቁም»ን እመርጣለሁ። የቁም ተዝካር የሚያወጣ ሰው በሕይወቱ ሳለ ራሱ ያበላል፣ ያጠጣል፤ የቁም ኑዛዜም ተናዛዡ ሳይሞት የሚፈጸም ነው። «የቁም እስርን ያስታውሳል» የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ። እንዲህ ካልንማ የቁም ሳጥንም ሊቀርብን ነው።

«አደራ እንበለው» የሚሉም አሉ። ቃሉ ያምራል፤ ሆኖም አደራ ተቀባዩን ያስራል እንጂ ሰጪው ምን እንደፈለገ አይናገርም። ለሚሰየመው ሰው «የሕክምና ወኪል» ይበቃል። ውክልናን ለቤት ሽያጭ ከኤምባሲ ያላጻፈ የውጭ ነዋሪ ጥቂት ነው። ልዩነቱን ግን አስረግጦ መንገር ያሻል። በአገራችን ሕግ ተራ ውክልና፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሰጪው ችሎታውን ሲያጣ ይቀራል። የሕክምናው ውክልና ግን ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ያኔ ነው።

ደግሞም የቁም ኑዛዜ ግስ አለው፤ «አባባ በቁማቸው ተናዘዋል» ይባላል። ከ«የላቀ መመሪያ» ምን ግስ ይወጣል? ሞሉ፣ ፈረሙ፤ ሌላ የለውም።

የቁም ኑዛዜ መባል የማይገባው አንድ ወረቀት አለ። ሜሪላንድን በመሰሉ ግዛቶች ሐኪሙ ራሱ የሚፈርመው፣ የአምቡላንስ ሠራተኛም አይቶ የሚፈጽመው ቅጽ የታማሚው ኑዛዜ አይደለም። እሱ የሐኪም ትእዛዝ ነው፤ እንደዚያው ይጠራ።