ሦስት ጠርሙስ አፈር፦ ባቡርን የማቆሸሽ ታሪክ

ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ባዶ የማርማላታ ጠርሙሶች አሉ። ባዶ ነበሩ ልበል እንጂ አሁንስ አፈር ሞልቷቸዋል። በፕላስተር «ሰበታ»፣ «ቡራዩ»፣ «ሱሉልታ» ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። የሰበታው ጥቁር ዋልካ ነው። የቡራዩው ከአንድ ቤት መሠረት ቁፋሮ የተገኘ ቀይ አፈር። የሱሉልታው ደግሞ ከዋናው መንገድ ዳር ያፈስኩት ግራጫ አቧራ ነው፤ ከደርባ በኩል የሚመጡት የሲሚንቶ መኪኖች የሚያልፉበት መንገድ ስለሆነ ንጹሕ አፈር ነው ብዬ አልምልም። ቤት የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ቅመም ይመስለዋል። አፈር መሆኑን ስነግረው «ለምን?» ይላል።

ባቡር ለማቆሸሽ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓለም ላይ ትንንሽ ባቡሮችን ከነጣቢያቸው፣ ከነተራራቸው፣ ከነሰዎቻቸው አሳንሰው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። በጣም የተለመደው ልክ ኤች-ኦ ይባላል፤ እያንዳንዱ ነገር 87 ጊዜ ያንሳል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የነበረው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ደግሞ በዚህ ልክ ቢሠራ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከለገሀር ተነስቶ ቃሊቲ ሳይደርስ ያልቃል።

ከፋብሪካ የሚወጣ ትንሽ ባቡር ያብረቀርቃል። ያብረቀረቀ ባቡር ደግሞ መጫወቻ ነው የሚመስለው። እውነተኛ ባቡር ዝናብ መትቶታል፣ ፀሐይ አንጥቶታል፣ ጥላሸት ጠጥቷል፣ ዝጎ አልቅሷል። ይህን በትንሹ ባቡር ላይ ለማሳየት የሚጠቀሙበት ነገር የዱቄት ቀለም ነው። ይህን ጥበብ ካስፋፉት ሰዎች ስሙ ቀድሞ የሚነሳው አሜሪካዊው ጆን አለን ነው። ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞንተሬይ በሚባል ከተማ፣ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ሙሉ የባቡር ዓለም ሠራ። ያኔ ብዙዎቹ ባቡራቸውን ሲወለውሉ እሱ አቧራ ያለብስ፣ ያዛግ፣ ጣሪያ ያጎብጥ ነበር። በ1973 (እ.ኤ.አ.) ጥር ወር ሞተ፤ ከቀናት በኋላ ያ ሁሉ ሥራ በእሳት ወደመ። የተረፈን ፎቶው ነው።

ፎቶ ስል እኛ ጋ ያለው ችግር ትዝ አለኝ። የምድር ባቡራችን የጥንት ፎቶዎች ጥቁርና ነጭ ናቸው። አፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ባቡሩ ሊወጣላት አልቻለም፤ እና ከተራራው ግርጌ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ወደቀ፣ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ ኩባንያ ሥራው ቀጠለ፣ በመጨረሻ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ የምናውቀው የለገሀር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ነው። ይህን ሁሉ ዓመተ ምሕረቱን ቆጥረን እንናገራለን። እስቲ ግን አንድ የልጅ ጥያቄ ልጠይቅ፦ ቀለሙ ምን ይመስል ነበር? ግራጫ ፎቶ ላይ ቀይ ፉርጎና አረንጓዴ ፉርጎ አንድ ናቸው።

የብረቱ ቀለም ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። አፈሩ ግን እዚያው ነው።

ያ ባቡር ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣ ነበር። ሲወጣ የሚያልፍበትን አገር ሁሉ ይለብሳል። በታች በኩል የጅቡቲ ጨውና የበረሃ አቧራ። መተሐራ ላይ ከፈንታሌ የወረደው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ወደ ናዝሬትና ሞጆ ሲጠጋ ቀይ አሸዋ የምንለው፣ መንገድ የምንደለድልበት የተቃጠለ ድንጋይ። ከዚያ ወደ አቃቂ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቀው፣ በክረምት ጫማ የሚያስቀረው ዋልካ። እንግዲህ ለገሀር የደረሰ ፉርጎ ከታች እስከ ላይ የተጻፈበት ደብዳቤ ነው። መንኮራኩሩ አጠገብ ብታዩ አቃቂ፣ ጥግ ጥጉን ብትቧጥጡ መተሐራ።

ከዚህ በታች ደግሞ ዝገት አለ። ፈረንጆቹ ሞዴል ሠሪዎች ከሐዲዱ ስር የሚተኙትን አግዳሚዎች ቡናማ ይቀቧቸዋል፤ የእነሱ እንጨት ናቸዋ። የእኛ አሮጌ መስመር አግዳሚዎች ግን ብረት ነበሩ። ስለዚህ የኢትዮጵያን ባቡር በትክክል የሚሠራ ሰው የእንጨት ቡናማውን ትቶ ዝገት ያስፈልገዋል። ፍሬን ሲያዝ ከብረት ጫማው የሚረግፈው ብናኝም ዝጎ ጠጠሩን ያቀላዋል። ጣቢያ አካባቢ፣ ባቡር ፍሬን የሚይዝበት ቦታ፣ ጠጠሩ ሌላ ቦታ ካለው ይበልጥ ቀይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን የምለው ነገር እኔን በጣም የገረመኝ ነው። ዝገቱና የቡራዩ ቀይ አፈር አንድ ነገር ናቸው። ሁለቱም ብረት ኦክስጅን ሲያገኘው የሚሆነው ነው። የዓለም ሠዓሊዎች ከጣሊያኗ ሲዬና ስሟን የሰጡት የአፈር ቀለም፣ በየብየዳ ቤቱ በር ላይ የምናየው ቀይ አንቲረስት፣ ቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ የሚወርደው ቀይ እንባ፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ቢጫ አፈር ደግሞ ውስጡ ውኃ ያዘለ ብረት አለው። በብረት ድስት አድርጋችሁ ከሰል ላይ ደህና አድርጋችሁ ቁሉት፤ ውኃው ሲለቀው ይቀላል። «የተቆላ» የሚባለው ቀለም በቃ ይኸው ነው። ቡና እንደመቁላት ነው፣ ጭሱና ጠረኑ ሲቀር።

ይህን ደግሞ እኛ ዛሬ አላገኘነውም። ድሬዳዋ አጠገብ አንድ ዋሻ አለ፤ ፈረንሳዮች «ፖርክ ኤፒክ» ብለው ጠሩት፣ ጃርት ማለት ነው። በ1929 (እ.ኤ.አ.)፣ የለገሀር ሕንፃ በተመረቀበት በዚያው የፈረንጆች ዓመት፣ አንሪ ደ ሞንፍሬድና ቴያር ደ ሻርዳን የተባሉ ፈረንሳዮች ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቁት። በኋላ በተደረጉ ቁፋሮዎች ከዋሻው የወጣው የአፈር ቀለም ከ4,000 ቁራጭ በላይ፣ ክብደቱም 40 ኪሎ ገደማ ነው። ዕድሜው ወደ 40,000 ዓመት ይጠጋል። መፍጫ ድንጋዮቹም ተገኝተዋል። አስቡት፤ ባቡሩ ድሬዳዋ ከመድረሱ ከ40 ሺህ ዓመት በፊት እዚያው አካባቢ ሰው ቁጭ ብሎ ቀይ አፈር ይፈጭ ነበር። ለምን እንደፈጨው ይከራከሩበት። እንዴት እንደፈጨው ግን እኔም አሁን አውቀዋለሁ፤ ክንድ ያደክማል።

መፍጨቱ ግዴታ ነው። ለምን ቢሉ፣ አቧራ አያንስም። ባቡሩን 87 ጊዜ ታሳንሱታላችሁ፣ የአፈሩ ቅንጣት ግን እንዳለ ነው። አንድ አስረኛ ሚሊ ሜትር የሆነች ቅንጣት ትንሹ ባቡር ላይ ስታርፍ የ8.7 ሚሊ ሜትር ጠጠር ትሆናለች፤ ፉርጎው ላይ ሽምብራ የፈሰሰ ነው የሚመስለው። ስለዚህ አፈሩ ይደርቃል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በወንፊት ይነፋል፣ ከዚያ በናይለን ጨርቅ ደግሞ ይነፋል። በርበሬ ያዘጋጀ ቤት ያደገ ሰው ይህን ሥራ ማንም አያስተምረውም። ማስክ ግን ልበሱ፤ ደቃቅ አፈር ሳንባ አይወድም።

ከዚያ ያለው ቀላል ነው። ባቡሩ መጀመሪያ የማያብረቀርቅ ቀለም ይቀባል፣ ዱቄት የሚያብረቀርቅ ነገር ላይ አይዝምና። በደረቅ ብሩሽ ዱቄቱን ጥግ ጥጉ ላይ ማኖር፣ ከብሎኑ ወደ ታች መሳብ፣ ዝናብ በሚሄድበት አቅጣጫ። ሲያበቃ አልኮል በትንሹ መንፋት፤ አልኮሉ ሲተን ዱቄቱ ይረጋል። በእጅ የሚነካካ ከሆነ ደግሞ የማያበራ ቫርኒሽ በስሱ። ጣሪያው ላይ ጥላሸት፤ የእንፋሎቱ ዘመን ከሆነ ብዙ፣ የናፍጣው ዘመን ከሆነ በጭስ መውጫው ዙሪያ ብቻ። ከሩቅ የሚታይ ነገር ስለሚገረጣ ሁሉም ላይ ትንሽ ነጭ ይጨመራል። እኔ ኖራ ነው የምጨምረው፤ የብረት ቀለም ኖራ አያጠፋውም።

በዓል ሲደርስ ግድግዳ ሲለቀለቅ ያየ ሰውም ይህን ያውቀዋል። ቀይ አፈር ከየት እንደሚመጣ፣ ነጩ ከየት እንደሚቆፈር የሚያውቁ እናቶች በየሰፈሩ ነበሩ። እኛ «ቀለም» የሚለውን ቃል ለትምህርት ሰጠነው፤ ቀለም የገባው፣ የቀለም ልጅ እንላለን። የግድግዳውን ቀለም የሚያውቁትን ግን «የተማሩ» ብለን አናውቅም።

ቆይ፣ ግን ለምን ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ? አሮጌው ባቡር በአንዳቸውም አላለፈም። አዎ። አዲሱ ግን የሚነሳው ከሰበታ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ለቡ ጣቢያ ላይ የተመረቀው መስመር፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው፣ ከሰበታ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሮጌው የአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ ነበር፤ አዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። አሮጌው በእንፋሎት፣ በኋላም በናፍጣ ሄደ፤ አዲሱ በኤሌክትሪክ። አግዳሚዎቹ ኮንክሪት ናቸው፣ አይዝጉም። ጥላሸት የለም። ለሞዴል ሠሪ አዲሱ መስመር ከባድ ፈተና ነው፤ የሚለብሰው የቀረው አቧራ ብቻ ነው። እና የሰበታ ጥቁር አፈር የመጀመሪያው ልብሱ ነው።

አፈሩስ እስከ መቼ አለ? ይህ ጥያቄ ከሞዴል ይበልጣል። እነዚህ ከተሞች አዲስ አበባን ከብበው እንደ ቀለበት ያሉ ናቸው። በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. «ማስተር ፕላን» የሚለው ቃል ኦሮሚያን ሲያናውጥ ጉዳዩ ይኸው አፈር ነበር። ከተማው ሲሰፋ የገበሬው መሬት የት ይገባል የሚል ጥያቄ ነው። ሰው ሞቷል። ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ከሌሎች ጋር ሸገር ከተማ በሚል ስም ተጠቃለሉ። በዚህ ሁሉ መሀል ቤት፣ ፋብሪካ፣ መጋዘንና ኮብልስቶን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሜዳ ይሸፍናል። የቡራዩውን ጠርሙስ የሞላሁበት የመሠረት ጉድጓድ ዛሬ ኮንክሪት ነው። ተመልሼ ልሙላ ብል አልችልም።

በአማርኛ ሰው ሲለምን «አፈር ስሆን» ይላል። ሲሞትም «አፈሩን ያቅልልለት» ይባላል። አፈር የመጨረሻው ነገራችን እንደሆነ ቋንቋው ያውቃል። ማስረጃ መሆኑን ግን እንረሳለን። ስለ አሮጌው ባቡር ዶሴ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ለገሀር የሚያረጅ ሕንፃ አለ። የለበሰውን ቀለም የሚነግረን ግን ከአቃቂ እስከ ድሬዳዋ ያለው መሬት ነው። ያ መሬት ሲሸፈን ማንም ዶሴ ውስጥ አያስገባውም።

ስለዚህ ጠርሙስ እያጠራቀምኩ ነው። ከሦስቱ ቀጥሎ አቃቂ፣ ሞጆ፣ መተሐራ፣ አዋሽ። ጠርሙሱ ላይ የቦታውን ስም ብቻ ሳይሆን ቀኑንም መጻፍ ጀምሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ፉርጎ ጨረስኩ፤ ከካርቶን የተሠራ፣ 12 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ። ግርጌው ላይ ሰበታን አለበስኩት። ትንሽ እህቴ አየችውና በጣቷ ጠረግ አድርጋ «አቧራ ይዞታል፣ ላጽዳልሽ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ጥሩ እንደሠራሁ ገባኝ።